ወደ መቅደላ የዘመተ የባሕር ኃይል መኮንን ሜዳሊያዎች እንዴት ይነበባሉ?

ለንደን ውስጥ የጥንት ዕቃ ጨረታ በወጣ ቁጥር ወገኖቼ ፎቶግራፍ ይልኩልኛል። ብዙ ጊዜ የሚላክልኝ ባለ ዘጠኝ ጫፍ ኮከብ የተቀረጸበት፣ ከላዩ ትንሽ ዘውድ የተቀመጠበት የብር ሜዳሊያ ነው። በኮከቡ ጫፎች መካከል «አቢሲኒያ» የሚለው ስም በእንግሊዝኛ ፊደላት ተበትኖ ተጽፏል። «ይህ ከመቅደላ የተዘረፈ ነው ወይ?» ይሉኛል። አይደለም። ወደ መቅደላ ለዘመተ ሰው የእንግሊዝ መንግሥት የሰጠው ሜዳሊያ ነው። ይሁን እንጂ እኛን አይመለከትም ማለት አይደለም። ጀርባው ላይ የሰው ስም አለ፤ ባለ ስሙ ሠራዊቱ ከወረደበት ከቀይ ባሕር የዙላ ዳርቻ እስከ መቅደላ ሥር ያለው የአሮጌ ውጊያ ሜዳ ምን እንደሠራ ተፈልጎ ሊገኝ ይችላል። እዚህ የምጽፈው የፍለጋውን መንገድ ነው።

አባቴ ፒያሳ የወርቅና የብር ሥራ ቤት ነበረው። እኔም በመዶሻና በወናፍ መካከል አድጌ፣ ዛሬ በዚህ አገር የብር ዕቃ በመጠገን እተዳደራለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ብሩን፣ ቀጥሎ መዝገቡን አያለሁ። የባሕር ኃይል ሰዎችን ሜዳሊያ ለይቼ የመረጥኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ብርቅነቱ ነው። ከዚህ ሜዳሊያ ለምድር ጦር 12 ሺህ ያህል ሲሰጥ ለባሕር ኃይል የተሰጠው 2 ሺህ ያህል ነው፤ ከእነዚያም መካከል የሮኬት ማስወንጨፊያ ይዘው እስከ ተራራው ድረስ የዘለቁት በመቶ ገደማ የሚቆጠሩ ናቸው። ሁለተኛው ምክንያት ይበልጥብኛል። ስለ መቅደላ ስናወራ ስለ ጄኔራል ናፒየር እናወራለን፤ ናፒየርን ከነሠራዊቱ ያመጣውን፣ ውኃ ያጠጣውንና መልሶ የወሰደውን ባሕርተኛ ግን እንረሳዋለን።

ሜዳሊያው በእጅዎ ከገባ ከሁሉ በፊት አይወልውሉት። ይህን አጥብቄ የምናገረው የብር ሠራተኛ ስለሆንኩ ነው። የጠቆረ ብር ያስቀይማል፣ እጅ ለጨርቅና ለመወልወያ ይቸኩላል። ነገር ግን በዚህ ሜዳሊያ ላይ የባለቤቱ ስም የተጻፈው ከብሩ በላይ ከፍ ብለው በወጡ ፊደላት ነው። በተወለወለ ቁጥር ፊደላቱ ይበላሉ፣ ከጊዜ በኋላም ስሙ ይጠፋል። ስሙ የጠፋበት የመቅደላ ሜዳሊያ ደግሞ የማን እንደነበረ አይታወቅም። ጥቁረቱን ይተዉት፤ በንጹሕ የጥጥ ጓንት ጠርዙን ይዘው ከመስኮት በሚገባ ብርሃን ይመልከቱት።

የፊቱ ገጽ ብዙ አያስቸግርም። መሐል ላይ በትንሽ ክብ ውስጥ ዘውድ የደፋችና መጋረጃ የጣለች ንግሥት ቪክቶሪያ አለች፤ ዙሪያዋን ኮከቡ ይከብባታል። ስፋቱ 32 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ሪባኑ ነጭ ሆኖ መሐሉ ላይ ሰፊ ቀይ መስመር አለው። ማንጠልጠያው ዘውድ ነው፣ ከዘውዱ ላይ ቀለበት አለ። ይህ የዘውድና የቀለበት መገናኛ ደካማ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ተሰብሮ የተበየደ ይገኛል። የብየዳ ቆርቆሮ ቀለሙ ከብር ይልቅ ግራጫ ነው፤ በማጉያ መነጽር ካዩት ይለያል። ጥገና መኖሩ ሐሰተኛ አያደርገውም፣ ግን ሻጩ ሊነግርዎ ይገባል። አንድ ነገር ደግሞ ያስታውሱ፦ ይህ ሜዳሊያ በሪባኑ ላይ የሚገባ የውጊያ ስም ያለበት የብር ቁራጭ ፈጽሞ አልተሠራለትም። «አሮጌ» ወይም «መቅደላ» የሚል ቁራጭ የገባበት ካጋጠመዎ ኋላ ሰው የጨመረው ነው።

ዋናው ነገር ያለው ጀርባው ላይ ነው። በሎረል ቅጠል አክሊል መካከል የሰውየው ስም፣ ማዕረጉና የመርከቡ ስም ይነበባል። በዚያ ዘመን ሌሎች የእንግሊዝ ሜዳሊያዎች ስም የሚጻፍባቸው በጠርዛቸው ላይ ነበር። በዚህኛው ግን የእያንዳንዱ ሰው ስም ለብቻው ተሰናድቶ ከሜዳሊያው ጋር አብሮ ተመታ። ለመንግሥቱ እጅግ ውድ ሥራ ሆነበት። ለእኛ ግን ይህ ትልቅ መከላከያ ነው። አጭበርባሪ የአንዱን ተራ ሰው ስም ፍቆ የታዋቂ መኮንን ስም ሊያስገባ ቢፈልግ፣ የራሱን ፊደል ወደ ውስጥ ይቆፍራል እንጂ ከፍ አድርጎ ማውጣት አይችልም። ስለዚህ የጥፍርዎን ጫፍ ሳይጫኑ ያስኪዱበት። ፊደላቱ ከፍ ብለው ከተሰሙ መልካም ነው። ወደ ውስጥ ከገቡና ጽሑፉ የእንግሊዝ መርከበኛ ነኝ የሚል ከሆነ ይጠርጥሩ። ከፊደላቱ ሥር ያለው የብሩ ገጽ ጎድጎድ ብሎ፣ ከአክሊሉ ቅጠሎች ዝቅ ብሎ ከታየም ተፍቋል ማለት ነው። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ አብዛኞቹ የሕንድ ወታደሮች ሜዳሊያዎች ስማቸው ወደ ውስጥ ተመትቶ የተሰጠ ነው፣ እነሱ እውነተኛ ናቸው። ከቦምቤይ የመጣውን ወታደር ሜዳሊያ በእንግሊዛዊው መርከበኛ መለኪያ ለክተው ሐሰተኛ ነው እንዳይሉ።

በባሕር ኃይሉ ሜዳሊያዎች ላይ ከሚገኙት የመርከብ ስሞች መካከል ኦክታቪያ፣ ድራያድ፣ ሳተላይት፣ አርገስ እና ዳፍኒ ይገኙበታል። ኦክታቪያ የኮሞዶር ሊዮፖልድ ሂዝ መርከብ ነበረች፤ ሂዝ በዙላ ወሽመጥ የነበረውን የባሕር ኃይል የመራው ሰው ነው። የድራያድ አዛዥ ኮማንደር ፌሎውስ ደግሞ የሮኬት ብርጌዱን እየመራ ወደ ደጋ ወጣ። ስለዚህ ድራያድ የሚል ስም ካዩ ልብዎ ቢመታ አይገርመኝም፣ የእኔም ይመታል። ነገር ግን የድራያድ ሰው ሁሉ ተራራ አልወጣም። ከነማዕረጉ ስሙን ይጻፉና ወደ መዝገብ እስክንደርስ ይቆዩ።

ሜዳሊያው ብቻውን ሳይሆን ከሌሎች ጋር በአንድ የብረት ዘንግ ላይ ተደርድሮ ከተገኘ ዕድለኛ ነዎት፤ ድርድሩን አይፍቱት። የእንግሊዞች የአደራደር ሥርዓት ጥብቅ ነው። ከሚያየው ሰው ግራ በኩል የሚጀምረው ኒሻን ነው፤ ቀጥሎ የዘመቻ ሜዳሊያዎች እንደ ዘመናቸው ቅደም ተከተል ይመጣሉ፤ የውጭ መንግሥት የሰጠው መጨረሻ ላይ ይሆናል። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ወይ ቤተሰቡ ሪባን ሲቀይር ተሳስቷል፣ ወይ ደግሞ ነጋዴ ከተለያየ ቦታ ለቅሞ የገጣጠመው ነው። ሁለቱን የሚለየው ጠባሳው ነው። ዓመታት አብረው ደረት ላይ የተወዛወዙ ሜዳሊያዎች እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ። የአንዱ ጠርዝ የሌላውን ፊት በአንድ ቦታ ላይ ይነክሰዋል። የአንዱን ቁስል ከጎረቤቱ ጠርዝ ጋር ያስተያዩ። አንዱ በቁስል ተሞልቶ ጎረቤቱ ትናንት የወጣ ከመሰለ፣ አብረው አልኖሩም።

ከመቅደላው ሜዳሊያ በፊት ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው የክሪሚያ ጦርነት (እንግሊዝና አጋሮቿ ከሩሲያ ጋር የተዋጉት) ሜዳሊያ ነው፤ ምክንያቱም በ1860 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1868) በሥልጣን ደረጃ ላይ የነበሩት መኮንኖች ወጣትነታቸውን ያሳለፉት በዚያ ጦርነት ነው። የክሪሚያው ሜዳሊያ በሪባኑ ላይ የሚገቡ የባሉጥ ቅጠል ቅርጽ ያላቸው የብር ቁራጮች አሉት፦ አልማ፣ ባላክላቫ፣ ኢንከርማን፣ ሴባስቶፖል፤ የባሕር ኃይሉ ብቻ የሚያገኘው አዞፍ የሚባልም አለ። ብዙዎቹ የክሪሚያ ሜዳሊያዎች ስም ሳይጻፍባቸው ነው የተሰጡት፣ ስለዚህ ስም አልባ መሆኑ ጥርጣሬ ውስጥ አይክተትዎ። ከእርሱ ጋር የቱርክ ሱልጣን የሰጠው የክሪሚያ ሜዳሊያ ሊኖር ይችላል። ይህ ለእንግሊዞች፣ ለፈረንሳዮችና ለሰርዲኒያዎች በተለያየ ጽሑፍ ተሠርቶ ነበር። የእንግሊዞቹን የጫነው መርከብ በመስጠሙ ብዙ እንግሊዛውያን የሰርዲኒያውን ዓይነት ተቀበሉ። ስለዚህ የእንግሊዝ መኮንን ደረት ላይ የሰርዲኒያን ጽሑፍ ማየት ስሕተት አይደለም።

«ሴባስቶፖል» የሚል ቁራጭ ባየሁ ቁጥር ዐፄ ቴዎድሮስን አስባለሁ። ጋፋት ላይ ያስቀለጡትን ታላቁን መድፍ የሰየሙት በዚያች ከተማ ስም ነው። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ያንን ብረት በሰው ጉልበት፣ ገደል እየቆረጡና መንገድ እየሠሩ መቅደላ አደረሱት። ዛሬም እዚያው አለ፤ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው አምሳያው ነው። ወደ እርሳቸው ከመጡት የባሕር መኮንኖች አንዳንዶቹ ያችኑ ከተማ ከብበው የተዋጉ፣ ስሟንም ደረታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ነበሩ። እንዲህ ያለውን ግንኙነት የማገኘው ድርድሩን እንደ አንድ ጽሑፍ ሳነብ ነው። ነጠላ ሜዳሊያ ይህን አይሰጠኝም።

አንድ እውነተኛ ሰው ልውሰድና ንባቡ እንዴት እንደሚሄድ ላሳይ። ጆርጅ ትራየን እ.ኤ.አ. በ1832 ተወለደ፣ በ1848 ባሕር ኃይል ገባ። በክሪሚያ ጦርነት ከመርከብ ወርደው በሴባስቶፖል ፊት ለፊት በምድር ከተዋጉት የባሕር ኃይል ብርጌድ ሰዎች አንዱ ነበር። በ1861 የዋሪየር ምክትል አዛዥ ሆነ፤ ዋሪየር ብረት የለበሰች የመጀመሪያዋ የእንግሊዝ የውቅያኖስ ጦር መርከብ ናት፣ ዛሬም ፖርትስመዝ ወደብ ሄዶ መርገጫዋ ላይ መቆም ይቻላል። በ1866 ካፒቴን ሆነ። ከዚያም ዙላ ወሽመጥ የማጓጓዣ መርከቦች ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። እስከዚህ ያለው በደረቱ ላይ ሁለት የዘመቻ ሜዳሊያዎችን ያስቀምጣል፦ ክሪሚያንና አቢሲኒያን። ለዘመቻው አገልግሎቱም ባዝ የተባለውን የእንግሊዝ ኒሻን ሦስተኛ ደረጃ ተቀበለ። በ1887 ወደ ሁለተኛው ደረጃ፣ «ሰር» ወደሚያሰኘው ከፍ አለ። ሰው በአንድ ኒሻን ደረጃ ሲያድግ ከፍተኛውን ብቻ ነው የሚያጠልቀው። ስለዚህ በእንዲህ ዓይነት ድርድር ላይ ሁለቱንም ደረጃዎች ጎን ለጎን ካዩ ይጠይቁ።

ኒሻኑና ሜዳሊያዎቹ ግን ትራየን ኢትዮጵያ ውስጥ ምን እንደሠራ አይናገሩም። አቢሲኒያ የሚለው ሜዳሊያ ለእርሱም፣ ሮኬት ለተኮሰውም፣ መርከብ ላይ ምግብ ላበሰለውም አንድ ነው። የትራየን ጦርነት ዙላ ወደብ ላይ ነበር። ወደዚያ አሸዋማ ዳርቻ ከ280 በላይ መርከቦች መጡ። 13 ሺህ ወታደር፣ 26 ሺህ ያህል አገልጋይ፣ ከ40 ሺህ በላይ እንስሳ አራገፉ፤ ከእንስሶቹ መካከል 44 ዝሆኖች ነበሩ። ዙላ ለዚያ ሁሉ ሕዝብ የሚበቃ ንጹሕ ውኃ አልነበራትም። የእንፋሎት መርከቦቹ የባሕሩን ውኃ አፍልተውና አጣርተው ነበር ወታደሩን የሚያጠጡት። እኔ ዐፄ ቴዎድሮስ የተሸነፉት መቅደላ ላይ ብቻ ነው ብዬ አላምንም። ሽንፈቱ የተጀመረው አንድ መንግሥት በባዶ ዳርቻ ላይ ከተማ የሚያህል ሠራዊት አራግፎ ውኃ ማጠጣት በቻለበት ቀን ነው። ይህን የሠሩት ሰዎች ስም በታሪካችን መጻሕፍት ውስጥ ተፈልጎ ሊገባ ይገባል።

ትራየን ኋላ በአውስትራሊያ የባሕር ኃይል ጣቢያን አዘዘ፣ በ1891 የሜዲትራኒያን መርከቦች ጠቅላይ አዛዥ ሆነ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 22 ቀን 1893 በሊባኖሷ ትሪፖሊ አጠገብ መርከቦቹ በሁለት ረድፍ ሲጓዙ ወደ ውስጥ ዞረው እንዲመለሱ አዘዘ። በረድፎቹ መካከል የነበረው ርቀት አልበቃም። ካምፐርዳውን የተባለችው መርከብ የእርሱን መርከብ ቪክቶሪያን ወጋቻት፤ እርሱን ጨምሮ 358 ሰዎች ሞቱ። የቪክቶሪያ ስብርባሪ በ2004 ተገኝቷል፣ አፍንጫዋን ጭቃ ውስጥ ተክላ ቀጥ ብላ ቆማለች።

ከትራየን በተቃራኒ ያሉት የፌሎውስ የሮኬት ሰዎች ናቸው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ የስቅለት ዕለት፣ ፊታውራሪ ገብርዬ ጦራቸውን ይዘው ወደ አሮጌ ሜዳ ሲወርዱ መጀመሪያ ከተተኮሰባቸው መሣሪያ አንዱ በበቅሎ ተጭኖ የወጣው የባሕር ኃይሉ ሮኬት ነው። ያን ዕለት ገብርዬ ወደቁ፤ በኢትዮጵያውያን በኩል 700 ያህል ሰው እንደሞተ እንግሊዞቹ ራሳቸው መዝግበዋል። ከእነርሱ ወገን የቆሰለው 20 ሰው ገደማ ነው። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 6፣ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸውን ሠዉ። የሮኬት ብርጌድን ሰው ሜዳሊያ በእጅዎ ሲይዙ የያዙት የዚያን ዕለት ምስክር ነው። ስለዚህ ማጣራቱን በጥንቃቄ ያድርጉት፤ ሻጮች «የሮኬት ብርጌድ» የሚለውን ቃል ይወዱታል፣ ዋጋ ያስጨምራልና።

ማጣሪያው ኪው በሚባለው የለንደን ዳርቻ በሚገኘው የብሪታኒያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ውስጥ ነው። የአንባቢ መታወቂያ በነፃ ያወጣሉ፤ ስምዎንና አድራሻዎን የሚያረጋግጥ ሰነድ ይዘው ይሂዱ። እርሳስ እንጂ እስክሪብቶ አይፈቀድም፣ ፎቶግራፍ ማንሣት ግን ይቻላል። የባሕር ኃይል የሜዳሊያ ጥቅል መዝገቦች ያሉት «ኤዲኤም 171» በሚባለው ተከታታይ ውስጥ ነው («ኤዲኤም»፣ በእንግሊዝኛ ADM፣ የባሕር ኃይሉ ጽሕፈት ቤት መዝገቦች መለያ ነው)፤ በመርከብ ስም ይፈልጉ። ሰውየው መኮንን ከሆነ የአገልግሎት ታሪኩ «ኤዲኤም 196» ውስጥ ይገኛል። በየመርከቡ የተመደበበት ቀን፣ ዕድገቱ፣ አንዳንዴም አለቃው ስለ እርሱ የጻፈው አጭር አስተያየት ይነበባል። ተራ መርከበኛ ከሆነ «ኤዲኤም 139» ን እና «ኤዲኤም 188» ን ያያሉ። የመርከቦች የየዕለት መዝገብ ደግሞ «ኤዲኤም 53» ነው። እኔ ይህን የመጨረሻውን እወደዋለሁ። የአየሩ ሁኔታ፣ መልሕቅ የተጣለበት ሰዓት፣ የወረደው ሰውና ዕቃ ሳይቀር ተጽፎ ዙላን ከባሕሩ በኩል ያሳያል። የናፒየርና የሂዝ የዘመቻ ሪፖርቶች የወጡበት የመንግሥት ጋዜጣ፣ የለንደን ጋዜት፣ በኢንተርኔት በነፃ ይነበባል፤ የተመሰገኑ መኮንኖችን ስም ከዚያ ያገኛሉ።

አንድ ተጨማሪ መፈተኛ፦ የረጅም አገልግሎትና የመልካም ጠባይ ሜዳሊያ በዚያ ዘመን ለተራ መርከበኞች እንጂ ለመኮንኖች አይሰጥም ነበር። በመኮንን ስም በቀረበ ድርድር ውስጥ ካገኙት፣ ሰውየው ከተራ መርከበኝነት ተነሥቶ ያደገ መሆኑን መዝገቡ ማሳየት አለበት።

አሁን ወደሚያመው ጉዳይ ልምጣ። አንዳንድ ጊዜ ከሜዳሊያው ጋር በአንድ የጨረታ ቁጥር መስቀል፣ ጋሻ፣ የቀንድ ዋንጫ ወይም የብራና ቅጠል ይቀርባል። መቅደላ ከተዘረፈ በኋላ ዕቃው በዝሆንና በበቅሎ ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ ለሁለት ቀን ለጨረታ ቀረበ፤ ገንዘቡ ለወታደሩ ተከፋፈለ። መኮንኖች እዚያ የገዙትን ይዘው አገራቸው ገቡ፣ ልጆቻቸውም ከሜዳሊያው ጋር አወረሱት። ሜዳሊያው የእነርሱ ነው፣ መስቀሉ ግን አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር ሲያዩ የጨረታውን ገጽ ፎቶ ያንሡ፣ የጨረታ ቁጥሩንና ቀኑን ይጻፉ፣ ለኢትዮጵያ ኤምባሲና ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን በዚያው ቀን ይላኩ። ከንቱ ድካም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የዐፄ ቴዎድሮስ ጸጉር ከለንደኑ ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ተመልሷል። በ2021 ደግሞ ለጨረታ ወጥተው የነበሩ የመቅደላ ዕቃዎች ከሽያጭ ወጥተው፣ ከሌሎች ጋር ለኤምባሲው ተሰጥተዋል።

ሜዳሊያውን ራሱን መግዛት ይገባል ወይ ብለው ቢጠይቁኝ፣ ገንዘብ ካለዎትና ማጣሪያውን ከጨረሱ አልከለክልም። ግን ፎቶግራፉና መዝገቡ ካለዎት ታሪኩ በእጅዎ ነው። ከገዙት ከአሲድ ነፃ በሆነ ወረቀት ይጠቅልሉት። ተራ ፕላስቲክ፣ ላስቲክና የሱፍ ጨርቅ አያስጠጉት፣ ብር ያጠቁራሉ። የቀድሞውን ሪባን ቢበጣጠስም አይጣሉት፤ የሪባኑ ስፌት ድርድሩን ማን እንደሰፋው ሊነግር ይችላል።

ከዚያ በአማርኛ ይጻፉት። አንድ ገጽ ይበቃል፦ የሰውየው ስም በጀርባው እንደተነበበው፣ ማዕረጉ፣ መርከቡ፣ የተገኘበት የመዝገብ ቁጥር፣ ወደ ደጋ ወጣ ወይስ ዙላ ቀረ የሚለው፣ ፎቶግራፉ ከፊትና ከጀርባ። ቀኖቹን በሁለቱም አቆጣጠር ያስቀምጡ፤ ሚያዝያ 3 እና ኤፕሪል 10 አንድ ቀን መሆናቸውን የማያውቅ አንባቢ ሁለት ውጊያ ያደርጋቸዋል። ያላረጋገጡትን «አልተረጋገጠም» ብለው ይጻፉ። አንዱን ቅጂ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ ላለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ይላኩ፣ ሌላውን ለወመዘክር። በፖስታው ላይ የራስዎን አድራሻ መጻፍ አይርሱ፣ ተመራማሪ ሊጠይቅዎ ይፈልግ ይሆናል።